አውሮፕላን ተሸካሚ የጦር መርከብ ግንባታ፦ ምንነቱ፣ ሂደቱና ከዘርፉ የሚገኙ ሙያዎች
(ለወልድያ፣ ለመርሳና ለሀብሩ ወረዳ ነዋሪዎች የተዘጋጀ መረጃ)

አጠቃላይ መግለጫ

አውሮፕላን ተሸካሚ የጦር መርከብ የሰው ልጅ ከሚገነባቸው ተንቀሳቃሽ ነገሮች ሁሉ በግዝፈቱም ሆነ በውስብስብነቱ ከግንባር ቀደሞቹ የሚመደብ ነው። ይህን መሰል መርከብ መሥራት የሚችሉ አገሮች ቁጥር እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ ኢትዮጵያ እስካሁን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ገንብታም ሆነ ገዝታ አታውቅም። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ለሠላሳ ዓመታት ገደማ ይገለገልበት የነበረው ዋና መርከብ አውሮፕላኖችን ለማገልገል ታስቦ የተሠራ ስለነበር፣ ርዕሰ ጉዳዩ ለአገራችን ታሪክ ባዕድ አይደለም።

ይህ ጽሑፍ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ምን እንደሆነ፣ በመርከብ መሥሪያ ውስጥ በምን ቅደም ተከተል እንደሚገነባ፣ ሥራው የሚጠይቃቸው ሙያዎች የትኞቹ እንደሆኑና በዘርፉ በውጭ አገር መሥራት የሚፈልግ ዜጋ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦችን በዝርዝር ያቀርባል። ወልድያ ከቀይ ባሕር ዳርቻ በቀጥታ መስመር ሲለካ ከ400 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ትገኛለች። ከሀብሩና ከአጎራባች ወረዳዎች በርካታ ወጣቶች በአፋር በኩል ወደ ባሕሩ ዳርቻ ለሥራ ፍለጋ የሚጓዙ በመሆኑ፣ ስለ መርከብና ስለ መርከብ ሥራ ትክክለኛ መረጃ ማግኘት ለአካባቢው ነዋሪ ተግባራዊ ጥቅም አለው።

1. አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ምንድን ነው?

አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የጦር አውሮፕላኖች የሚነሡበትና የሚያርፉበት ሰፊና ጠፍጣፋ የበረራ ወለል ያለው፣ ከወለሉ በታች አውሮፕላኖች የሚጠገኑበትና የሚቆሙበት ሃንጋር የያዘ፣ ነዳጅ፣ ጥይትና መለዋወጫ የሚያከማች የባሕር ላይ የአየር ማረፊያ ነው። አውሮፕላኖቹ ከሃንጋሩ ወደ በረራው ወለል የሚወጡት በግዙፍ አሳንሰሮች ነው። የመርከቡ አዛዦችና የበረራ ተቆጣጣሪዎች የሚሠሩት በወለሉ አንድ ጠርዝ ላይ በቆመው ሕንፃ መሰል ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ መርከበኞች ይህን ክፍል «ደሴት» በማለት ይጠሩታል።

የመርከቡ ወለል በየብስ ላይ ካለ የአውሮፕላን መንደርደሪያ እጅግ ያጠረ ነው። በመሆኑም አውሮፕላን ለማስነሣት ሁለት ዋና ዋና ዘዴዎች በሥራ ላይ ይውላሉ። የመጀመሪያው አውሮፕላኑን በእንፋሎት ወይም በኤሌክትሮማግኔት ኃይል የሚወረውር ማስፈንጠሪያ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የወለሉን የፊት ጫፍ ወደ ላይ ቀና አድርጎ በመሥራት አውሮፕላኑ በራሱ ሞተር ኃይል ሽቅብ እንዲነሣ የሚያስችል ነው። በማረፊያ ጊዜ አውሮፕላኑ በጅራቱ በኩል ባለው መንጠቆ በወለሉ ላይ ከተዘረጉ የብረት ገመዶች አንዱን ይይዝና በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ ይቆማል። ቀጥ ብለው ለማረፍ የሚችሉ አውሮፕላኖች ግን ገመድ አያስፈልጋቸውም።

የመርከቡን ስፋት ለመገመት በአካባቢው የሚታወቅ መለኪያ መውሰድ ይቻላል። የአሜሪካው «ጄራልድ አር ፎርድ» አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ 333 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። መደበኛ የእግር ኳስ ሜዳ 105 ሜትር የሚረዝም በመሆኑ፣ በወልድያው ስታዲየም እንዳለው ዓይነት ሦስት ሜዳዎች ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠሉ የዚህን መርከብ ርዝመት አያክሉም።

2. በኢትዮጵያ ታሪክ የሚገኘው የቅርብ ምሳሌ፦ መርከብ «ኢትዮጵያ»

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1955 ሲሆን ዋና የጦር ሰፈሩ ምጽዋ ነበር። በምጽዋ የባሕር ኃይል ኮሌጅ ተከፍቶ መኮንኖች ሲሠለጥኑ የኖርዌይ መኮንኖች በሥልጠናው ከፍተኛ ድርሻ ነበራቸው። በጥር 1954 ዓ.ም. አሜሪካ አንድ መርከብ በውሰት ለኢትዮጵያ ሰጠች። ይህ መርከብ «ኢትዮጵያ» የሚል ስም ተሰጥቶት የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብና የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነ።

መርከቡ ቀድሞ «ኦርካ» ይባል ነበር። የተሠራው በዋሽንግተን ግዛት፣ በሲያትል ከተማ አቅራቢያ ሃውተን በተባለ ስፍራ በነበረው የሌክ ዋሽንግተን መርከብ መሥሪያ ነው። የግንባታው መነሻ የሆነው የመሠረት ብረት የተጣለው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 13 ቀን 1942 ሲሆን፣ ጥቅምት 4 ቀን 1942 ውኃ ላይ ወረደ፤ ጥር 23 ቀን 1944 ደግሞ ለአገልግሎት በቃ። ከመነሻው እስከ ፍጻሜው የወሰደው ጊዜ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ብቻ ነው።

«ኦርካ» የተሠራበት ዓላማ በውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን መደገፍ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሰላማዊ ውቅያኖስ በርካታ ደሴቶች የአየር ማረፊያ አልነበራቸውም። በመሆኑም በውኃ ላይ የሚነሡና የሚያርፉ አውሮፕላኖች ጥቅም ላይ ይውሉ ነበር። እነዚህን አውሮፕላኖች የሚደግፈው መርከብ በተጠለለ የባሕር ወሽመጥ ውስጥ መልሕቁን ጥሎ ነዳጅ ይሞላላቸዋል፣ በክሬን እያነሣ ይጠግናቸዋል፣ መለዋወጫና ጥይት ያቀርብላቸዋል፣ ለበረራ ሠራተኞቹም ማደሪያ ይሰጣል። ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የሚለየው የበረራ ወለል የሌለው በመሆኑ ነው፤ አውሮፕላኑ የሚያርፈው ባሕሩ ላይ እንጂ መርከቡ ላይ አይደለም። የ«ኦርካ» ርዝመት 95 ሜትር ገደማ ስለነበር ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ያነሰ ነበር። የሚንቀሳቀሰውም በናፍጣ ሞተሮች ነበር።

አሜሪካ መርከቡን እ.ኤ.አ. በ1976 ለኢትዮጵያ ሸጠችው። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከመንግሥት ቁጥጥር ውጭ ከሆነች በኋላ የባሕር ኃይሉ ዋና ሰፈር ጠፋ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ «ኢትዮጵያ» ወደ የመን ሸሸ፤ ከዚያ በኋላም ወደ አገልግሎት ሳይመለስ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ። የባሕር ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1996 ፈረሰ። መንግሥት የባሕር ኃይልን መልሶ የማቋቋም ዕቅዱን በ2010 ዓ.ም. ይፋ ያደረገ ሲሆን፣ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የመከላከያ ትብብር ስምምነት የባሕር ኃይሉን ግንባታ መደገፍን ያካተተ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ መርከቡ የተሠራው በባሕር ዳርቻ ሳይሆን ንጹሕ ውኃ ባለው ሐይቅ ዳርቻ ነው። ሌክ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1917 በተከፈተ የመርከብ ቦይ ከባሕር ጋር የተገናኘ በመሆኑ፣ የተሠራው መርከብ በቦዩ አልፎ ወደ ባሕር ሊወጣ ችሏል። ሁለተኛ፣ መርከብ ያለው አገር መርከቡን የሚጠግን ባለሙያ፣ የሚያቆምበት ወደብና መለዋወጫ ከሌለው መርከቡ ዕድሜ አይኖረውም። ስለዚህ የመርከብ ጉዳይ ከሁሉ በፊት የባለሙያና የወደብ ጉዳይ ነው።

3. የግንባታው ቅደም ተከተል

አንድ ዘመናዊ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ከመጀመሪያው የብረት ቆረጣ እስከ ርክክብ ድረስ ከስምንት እስከ አሥራ ሦስት ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ዋና ዋናዎቹ ደረጃዎች የሚከተሉት ናቸው።

3.1 ንድፍ

መሐንዲሶች የመርከቡን እያንዳንዱን ክፍል፣ ቧንቧና የኤሌክትሪክ ገመድ በኮምፒውተር በሦስት አቅጣጫ ይስላሉ። የዚህ ጥቅም ሁለት ቧንቧዎች በአንድ ቦታ እንዳይጋጩ ብረቱ ከመቆረጡ በፊት ማረጋገጥ መቻሉ ነው። በወረቀት ላይ የሚታረም ስሕተት ርካሽ ሲሆን፣ ከተበየደ በኋላ የሚታረም ስሕተት ግን ብዙ ወራትና ብዙ ገንዘብ ያስወጣል።

3.2 የብረት ዝግጅት

ለጦር መርከብ የሚሆነው ብረት ተራ ላሜራ አይደለም። ሲመታ የማይሰበር፣ በቀዝቃዛ ውኃ የማይሰነጠቅና በጥሩ ሁኔታ የሚበየድ መሆን ይኖርበታል። ሕንድ «ቪክራንት» የተባለውን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ለመሥራት ስትነሣ ከውጭ ይመጣል ተብሎ የታሰበው ልዩ ብረት ባለመገኘቱ፣ የአገሪቱ የመከላከያ ብረታ ብረት ምርምር ላቦራቶሪ ከመንግሥት የብረታ ብረት ኩባንያ ጋር በመሆን የራሱን ብረት እንዲያዘጋጅ ተደርጓል። የተዘጋጀው ላሜራ በመጀመሪያ ዝገቱ በአሸዋ መሰል የብረት ፍንጣሪ ይጸዳል፣ የመከላከያ ቀለም ይቀባል፣ ከዚያም በኮምፒውተር በሚመራ መቁረጫ እንደ ንድፉ ይቆረጣል።

3.3 የብሎኮች ግንባታ

መርከብ እንደ ቤት ከመሠረት እስከ ጣሪያ በአንድ ቦታ አይገነባም። በተለያዩ ሼዶች ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትልልቅ ብሎኮች ለየብቻ ይሠራሉ። እያንዳንዱ ብሎክ የራሱ ግድግዳ፣ ወለል፣ ቧንቧና የገመድ መስመር ይኖረዋል። በዚህ ደረጃ በርካታ ብሎኮች ተገልብጠው ይበየዳሉ። ምክንያቱም ወደ ላይ አንጋጦ መበየድ አድካሚና ለጉድለት የተጋለጠ ስለሆነ፣ ጣሪያው ወደ ታች ተገልብጦ ከተበየደ ሥራው ፈጣንና ጠንካራ ይሆናል።

እንግሊዝ «ኩዊን ኤልሳቤጥ» የተባለውን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ በስድስት የተለያዩ ቦታዎች በሚገኙ መርከብ መሥሪያዎች አሠርታ፣ ብሎኮቹን በጀልባ አጓጉዛ በስኮትላንድ ሮዛይት ገጣጥማለች። ይህ የአሠራር ዘዴ የመርከብ ክፍሎች በአንድ ቦታ ብቻ መሠራት እንደማይኖርባቸው ያሳያል።

3.4 በድራይ ዶክ ውስጥ መገጣጠም

ብሎኮቹ የሚገጣጠሙት ድራይ ዶክ በሚባል ስፍራ ነው። ድራይ ዶክ በባሕር ዳርቻ የተቆፈረ፣ በኮንክሪት የተሠራ፣ ከባሕሩ በትልቅ መዝጊያ የተለየ ደረቅ ገንዳ ነው። ኮምቦልቻን ከመሳሰሉ ከተሞች ከሚገኘው ደረቅ ወደብ ጋር መምታታት የለበትም፤ ደረቅ ወደብ የጭነት ኮንቴይነሮች የሚራገፉበትና የጉምሩክ ሥርዓት የሚፈጸምበት የየብስ ተቋም ሲሆን፣ ድራይ ዶክ ግን መርከብ የሚሠራበትና የሚጠገንበት ስፍራ ነው።

የመርከቡ የታችኛው አከርካሪ ኪል ይባላል። የኪሉ መጣል በዓለም ዙሪያ የግንባታው ይፋዊ መጀመሪያ ተደርጎ ይከበራል። የ«ጄራልድ አር ፎርድ» ኪል በቨርጂኒያ ኒውፖርት ኒውስ መርከብ መሥሪያ የተጣለው እ.ኤ.አ. ኅዳር 13 ቀን 2009 ነው። በዚያ መርከብ መሥሪያ የሚገኘው ትልቅ ክሬን በአንድ ጊዜ እስከ 1,050 ቶን ማንሣት ይችላል። ክሬኑ የማንሣት አቅሙ በጨመረ ቁጥር ብሎኩ ትልቅ ሊሆን ይችላል፤ ብሎኩ ትልቅ ሲሆን ደግሞ በጠባብ ስፍራ የሚሠራው ብየዳ ይቀንሳል።

3.5 ማንሳፈፍ

የመርከቡ የታችኛው አካል ውኃ የማያስገባ መሆኑ ሲረጋገጥ በድራይ ዶኩ ውስጥ ቀስ በቀስ ውኃ ይሞላል። መርከቡ ከተቀመጠበት ድጋፍ ላይ ተነሥቶ መንሳፈፍ ሲጀምር የእያንዳንዱ ክፍል ፍሳሽ ይመረመራል። የሕንዱ «ቪክራንት» እ.ኤ.አ. ነሐሴ 12 ቀን 2013 ውኃ ላይ ቢወርድም ወደ አገልግሎት የገባው መስከረም 2 ቀን 2022 ነው። ይህም የሚያሳየው መርከብ መንሳፈፉ የሥራው ግማሽ እንጂ ፍጻሜ አለመሆኑን ነው።

3.6 የውስጥ ሥራ

ቀጣዩ ሥራ መርከቡን ሰው የሚኖርበትና መሣሪያ የሚሠራበት ማድረግ ነው። «ቪክራንት» 2,200 ገደማ ክፍሎች ያሉት ሲሆን ለ1,600 ያህል ሠራተኞች የታሰበ ነው። ለእነዚህ ክፍሎች የመብራት፣ የውኃ፣ የአየር ማቀዝቀዣ፣ የእሳት መከላከያና የመገናኛ መስመሮች ይዘረጋሉ። ወጥ ቤት፣ የሕክምና ክፍልና የባሕር ውኃን ወደ ንጹሕ ውኃ የሚለውጥ መሣሪያም ይተከላል።

የኃይል ምንጩ ከአገር አገር ይለያያል። «ጄራልድ አር ፎርድ» ሁለት የኑክሌር ማብላያዎች አሉት። «ቪክራንት» በአራት የጋዝ ተርባይኖች ሲንቀሳቀስ፣ «ኩዊን ኤልሳቤጥ» የጋዝ ተርባይንና የናፍጣ ጄነሬተሮችን በአንድነት ትጠቀማለች።

3.7 ፍተሻና የባሕር ላይ ሙከራ

እያንዳንዱ አስፈላጊ ብየዳ በአልትራሳውንድ ወይም በኤክስሬይ ይመረመራል። ጉድለት የተገኘበት ብየዳ ተቆርጦ እንደገና ይሠራል። በ«ጄራልድ አር ፎርድ» ላይ የተተከለው የኤሌክትሮማግኔት ማስፈንጠሪያ እውነተኛ አውሮፕላን ከማስነሣቱ በፊት፣ የአውሮፕላን ክብደት ያላቸው ባለ ጎማ ብረቶች ወደ ጄምስ ወንዝ እየተወረወሩ እ.ኤ.አ. በ2015 ተሞክሯል። መርከቡ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2017 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሙከራ ወደ ባሕር ወጥቶ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ወደ አገልግሎት ገባ። በ2021 ደግሞ በአቅራቢያው ከፍተኛ ፈንጂ በባሕር ውስጥ እንዲፈነዳ ተደርጎ መርከቡ ድንጋጤውን መቋቋሙ ተፈትሿል።

4. ጊዜና ወጪ በንጽጽር

• «ጄራልድ አር ፎርድ» (አሜሪካ)፦ 100,000 ቶን ገደማ፤ ኪል የተጣለበት እ.ኤ.አ. 2009፤ ወደ አገልግሎት የገባበት 2017፤ ወጪው 13 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ።

• «ኩዊን ኤልሳቤጥ» (እንግሊዝ)፦ 65,000 ቶን ገደማ፤ የመጀመሪያው ብረት የተቆረጠበት እ.ኤ.አ. 2009፤ ወደ አገልግሎት የገባችበት 2017፤ ለእርሷና ለእኅት መርከቧ በድምሩ ከ6 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ወጥቷል።

• «ቪክራንት» (ሕንድ)፦ 45,000 ቶን ገደማ፤ ኪል የተጣለበት እ.ኤ.አ. 2009፤ ወደ አገልግሎት የገባበት 2022፤ ወጪው 200 ቢሊዮን ሩፒ ገደማ። ሕንድ ራሷ ያመረተችው ድርሻ 76 በመቶ ነው ተብሏል።

ከእነዚህ ቁጥሮች መረዳት እንደሚቻለው፣ ለዘመናት የካበተ ልምድ ያላት አገርም ሆነች ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠራ አገር ሥራውን ከስምንት ዓመት ባነሰ ጊዜ ማጠናቀቅ አልቻለችም። ሕንድ ተጨማሪ ዓመታት የወሰደባት ብረቱን፣ ገመዱንና ባለሙያውን ጎን ለጎን ስታፈራ ስለነበር ነው።

5. የመርከብ ሚዛን፦ ማንኛውም ተሳፋሪ ሊያውቀው የሚገባ ነጥብ

መርከብ ከመረከቡ በፊት ከሚደረጉ ሙከራዎች አንዱ የሚዛን ሙከራ ነው። ክብደታቸው በትክክል የታወቀ ብረቶች ከመርከቡ ወለል አንድ ጎን ወደ ሌላው እንዲዛወሩ ይደረጋል፤ መርከቡ ምን ያህል እንዳዘነበለ በቱንቢ ወይም በመሣሪያ ይለካል። ከዚህ ልኬት የመርከቡ የክብደት ማዕከል ከፍታ ይሰላል። ማዕከሉ ወደ ታች ሲሆን መርከቡ በማዕበል ቢዘነብልም ተመልሶ ይቃናል። ማዕከሉ ከልክ በላይ ወደ ላይ ከወጣ ግን መርከቡ ያዘነበለበትን ጎን ይዞ ይገለበጣል።

ይህ ሕግ ለ100,000 ቶን መርከብም ሆነ ለአነስተኛ ጀልባ እኩል ይሠራል። ከጅቡቲ ኦቦክ አካባቢ ወደ የመን የሚሻገሩ ሕገ ወጥ ጀልባዎች ከአቅማቸው በላይ ሰው ይጭናሉ። ሰዎች በጀልባው ላይ ሲቆሙ የክብደት ማዕከሉ ከፍ ይላል፤ ማዕበል ሲመታቸው ወይም ሲደናገጡ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ከተጠጉ ጀልባው በአንድ አፍታ ይገለበጣል። በዚህ መስመር በርካታ ኢትዮጵያውያን ሕይወታቸውን ያጡት በዚህ ምክንያት ነው። መዋኘት የሚችል ሰው እንኳ በሌሊት፣ በማዕበልና በብዙ ሰው መካከል የመትረፍ ዕድሉ ጠባብ ነው። ስለዚህ የመጫን አቅሙ ያልተመረመረ፣ የሕይወት ጃኬት የሌለውና በሌሊት የሚንቀሳቀስ ጀልባ የደላላው ቃል ምንም ቢሆን አስተማማኝ ሊሆን አይችልም።

6. ዘርፉ የሚጠይቃቸው ሙያዎች

የመርከብ መሥሪያ ሠራተኞች በአብዛኛው በኢትዮጵያ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ከሚሰጡት ጋር ተመሳሳይ ሙያ ያላቸው ናቸው። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

• ብየዳ፦ በጠፍጣፋ፣ በአግድም፣ በቁምና በአናት አቀማመጥ መበየድ የሚችል ባለሙያ። በዓለም አቀፍ ደረጃ በያጆች «አይኤስኦ 9606»ን በመሰለ መለኪያ ይፈተናሉ።
• የላሜራና የብረት ቅርጽ ሥራ፦ ንድፍ አንብቦ ብረት የሚለካ፣ የሚቆርጥና የሚያጎብጥ ባለሙያ።
• የቧንቧ ሥራ፦ የውኃ፣ የነዳጅ፣ የእንፋሎትና የእሳት መከላከያ መስመሮችን የሚዘረጋ።
• የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ሥራ፦ ገመድ የሚዘረጋ፣ የመቆጣጠሪያ ሣጥን የሚያገናኝና የሚፈትሽ።
• የማሽን ሥራና ጥገና፦ ሞተር፣ ፓምፕና ተሽከርካሪ ክፍሎችን የሚገጥምና የሚያስተካክል።
• ቀለም ቅብና የዝገት መከላከል፦ የብረቱን ገጽ አጽድቶ በየንብርብሩ የሚቀባና ውፍረቱን የሚለካ።
• የመወጣጫና የክሬን ሥራ፦ ሠራተኞች የሚቆሙበትን መወጣጫ የሚሠራ፣ ከባድ ዕቃ በጥንቃቄ የሚያስነሣ።
• የጥራት ቁጥጥር፦ ብየዳን በአልትራሳውንድ፣ በኤክስሬይና በሌሎች ዘዴዎች የሚመረምር።

እነዚህ ሙያዎች ለመርከብ ብቻ የሚጠቅሙ አይደሉም። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመርን የመሰሉ ፕሮጀክቶች፣ የብረት ድልድዮች፣ የኢንዱስትሪ ፓርኮች፣ የነዳጅ ማከማቻዎችና የመስኖ ግድቦች በሮች ተመሳሳይ ባለሙያ ይፈልጋሉ። በመሆኑም ሙያውን የተማረ ወጣት የመርከብ መሥሪያ ባያገኝም ሙያው ባክኖ አይቀርም።

7. በዘርፉ በውጭ አገር ለመሥራት ለሚፈልጉ ዜጎች

7.1 የጦር መርከብና የንግድ መርከብ መሥሪያዎች ልዩነት

አውሮፕላን ተሸካሚን የመሰሉ የጦር መርከቦች የአገር ምስጢር ያለባቸው በመሆናቸው፣ የሚሠሩባቸው ተቋማት በአብዛኛው የአገሩን ዜግነትና የደኅንነት ማጣሪያ ይጠይቃሉ። ስለዚህ አንድ ደላላ «በአሜሪካ የጦር መርከብ መሥሪያ ሥራ አለ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ከሆነ ጉዳዩ በከፍተኛ ጥርጣሬ መታየት ይኖርበታል። የውጭ አገር ሠራተኛ የሚቀጥሩት በአብዛኛው የንግድ መርከቦችን የሚሠሩና የሚጠግኑ ድርጅቶች ናቸው።

7.2 መከተል የሚገባ ቅደም ተከተል

ሀ. ሙያን መማር፦ በአቅራቢያ በሚገኝ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ተቋም ሠልጥኖ ደረጃን ማጠናቀቅ።
ለ. የሙያ ብቃት ምዘና መውሰድ፦ ምዘናውን በማለፍ የብቃት ማረጋገጫ ሰርተፍኬት ማግኘት።
ሐ. መመዝገብ፦ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት መመዝገብ።
መ. የኤጀንሲውን ፈቃድ ማረጋገጥ፦ ሠራተኛ የሚልከው ኤጀንሲ ሕጋዊ ፈቃድ ያለው መሆኑን በወረዳው ወይም በዞኑ የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ማጣራት።
ሠ. ውሉን ማንበብ፦ ደመወዙ፣ የሥራ ሰዓቱ፣ የመኖሪያ ቤቱና የመድን ሽፋኑ በግልጽ የተጻፈና በሚመለከተው አካል የጸደቀ መሆኑን ማረጋገጥ።

7.3 የወጪ አሸፋፈን

የውጭ አገር ሥራ ስምሪትን ለመደንገግ የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለሥራ ስምሪት ዕድሜው ቢያንስ 18 ዓመት የሞላው መሆንን፣ እንዲሁም ከተቀባዩ አገር ጋር የሁለትዮሽ ስምምነት መኖርን በመርህ ደረጃ አስቀምጧል። አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 ተሻሽሏል። በአዋጁ መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚሸፍነው የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ የልደት ማስረጃና የብቃት ማረጋገጫን የመሳሰሉ ወጪዎችን ነው። ኤጀንሲ ከሠራተኛ የአገልግሎት ክፍያ ሊጠይቅ አይችልም። ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርና በሰው መነገድ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ከባድ ወንጀል ነው።

8. ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

ወደብ የሌላት አገር የመርከብ ግንባታ ሥራ ሊኖራት ይችላል?
ሙሉ መርከብ ወደ ባሕር የሚያወጣ የውኃ መንገድ ይጠይቃል። የሐይቅ ጀልባዎችን መሥራትና መጠገን፣ እንዲሁም በመንገድና በባቡር ሊጓጓዙ የሚችሉ የብረት ክፍሎችን ማምረት ግን ባሕር በሌለበትም ይቻላል።

ትምህርቴን ከ10ኛ ክፍል ባልበልጥም ወደዚህ ሙያ ልገባ እችላለሁ?
የመግቢያ መስፈርቱ እንደ ሥልጠናው ደረጃ ይለያያል። ብየዳና የብረት ሥራ ከዝቅተኛው ደረጃ ጀምሮ የሚሰጡ በመሆናቸው ተመዝጋቢው በሚኖርበት አካባቢ ያለውን ተቋም ሊጠይቅ ይገባል።

ለረጅም ጊዜ በጋራዥ የበየድኩ ነኝ፤ ሰርተፍኬት ግን የለኝም፤ ምን ላድርግ?
በሥራ ላይ የተገኘ ችሎታም በምዘና ሊረጋገጥ ይችላል። ባለሙያው የምዘና ማዕከልን ጠይቆ ለሚመጥነው ደረጃ ሊፈተን ይችላል።

ሴቶች በዘርፉ ይሠራሉ?
አዎ። በብየዳ፣ በኤሌክትሪክ፣ በክሬን አንቀሳቃሽነትና በጥራት ቁጥጥር በዓለም ዙሪያ በርካታ ሴቶች በመርከብ መሥሪያዎች ተቀጥረው ይሠራሉ። ሥልጠናውም ሆነ ምዘናው ለሁለቱም ጾታዎች እኩል ክፍት ነው።

ሥራ አለ ተብዬ ገንዘብ ከፍያለሁ፤ ለማን ልናገር?
ደረሰኝ፣ የስልክ መልእክትና የባንክ ማስተላለፊያ ማስረጃን በመያዝ በቅድሚያ በአቅራቢያ ለሚገኝ ፖሊስና ለወረዳው የሥራ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይገባል። ጉዞው ከመጀመሩ በፊት የሚቀርብ አቤቱታ ገንዘቡን ለማስመለስም ሆነ ሌሎችን ለመጠበቅ የተሻለ ዕድል ይሰጣል።